ሦስተኛው መርፌ

ከዳባት ተነሥተው በሌሊት መኪና፣
ጎንደር ከነጉሟ፣ በር ሳይከፈት ገና፣
ቁጥር አንድ ሆነዋል ከላብራቶሪው ፊት።
ይርገዱ ታከለ፤ ዕድሜ ስድሳ ሁለት።
ወረቀቱ «ቲ ኤስ ኤች» ይላል፣ ከሥሩም «እብጠት»፤
ሐኪሙ አንገት ስሎ፣ በቀኝ ክብ አድርጎበት፣
ከክቡ አጠገብ ደግሞ የጥያቄ ምልክት።

ነጠላው ሲገለጥ አየሁ አንገታቸውን፦
ሦስት ረድፍ ንቅሳት፣ ማርዳ የመሰለውን።
ሁለቱ ቀጥ ያሉ ናቸው። መሐለኛው ግን
እብጠቱ ጋ ሲደርስ፣ እንደ ሊማሊሞ፣
ይታጠፋል ዞሮ፣ ይመለሳል ደግሞ።
ምራቅ ሲውጡ ይወጣል፤ ሲተዉት ይወርዳል።

«አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው» አሉኝ፣ ክንድ እየሰጡ፣
«ሴቶች እጅ እግሬን ይዘው ሲቀመጡ፣
ነቃሿ በመርፌ ጠቀጠቀችው፣
ጥላሸት በቅጠል ለውሳ ሞላችው፤
የተነቀሰ አንገት እንቅርት አይደፍርም ብላ ተገዝታ።
እናቴም ዋጋዋን ከፈለች በጨው፣ ቁና አስሞልታ።»

በጨው!
ጎማውን ክንዳቸው ላይ ሳጠብቅ፣ ያቺን ቃል በሆዴ ያዝሁ፤
ያ ጨው አዮዲን ቢኖረው፣ ምናልባት
ይህን ክንድ ዛሬ ባልያዝሁ።

ሴንትሪፉጁ ዞረ፤ ቀዩ ወደ ታች ሰከነ፣
ከላይ የቀረው ውሃ እንደ ብርዝ ሆነ።
ማሽኑ ሊያነብ ሲል ድርግም፣ መብራት ሄደ፤
«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብዬ ምላሴ አበደ።
ደነገጥሁ። እርሳቸው ግን በመስኮቱ በኩል ሳቁ፦
«እንቅርቱስ የኔ ነው፤ ጆሮ ደግፉ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ጄኔሬተሩ ተነሣ።
የዚህ ቁጥር ነገር ግልባጭ ነው፤ ያልለመደውን ያሳስታል፦
ከአንጎል ግርጌ፣ አተር የምታህል፣ አንዲት እመቤት አለች፤
ሎሌዋ አንገት ላይ ነው። እሱ ሲያንቀላፋ ትጮኻለች፣
ከልክ በላይ ሲሮጥ ግን ዝም ትላለች።
እኛ የምንለካው ጩኸቷን ነው።
ሁለት ነጥብ አንድ። በልኳ እያወራች ነው።

«ደኅና ነው?»
«ሥራው ደኅና ነው» አልኋቸው፣ «ሥራው» ላይ ተጭኜ።
ደም ስለ ሥራ እንጂ ስለ ጠባይ አይመሰክርም፤
በሥራው የተመሰገነ ሁሉ በልቡ ንጹሕ አይደለም።
«ያ ነገር… አይደለም አይደል?» አሉ፣ ስሙን ሳይጠሩት።
«ሌላ መርፌ አለ» አልሁ፣ «እብጠቱ ራሱ የሚጠየቅበት።»

ሐሙስ እስኪደርስ አዘዞ ሰነበቱ፣ ከእህታቸው ልጅ ቤት።
ሐሙስም፣ በአልትራሳውንዱ ጥላ እየተመራች፣
ሦስተኛዋ መርፌ፣ ቀጭኗ፣ ከንቅሳቱ መስመር በላይ ገባች።
ጠብታዋ መስታወት ላይ ተዘርግታ፣ ደርቃ፣ ቀለም ነክሯት፣
እኔው ነኝ በማይክሮስኮፑ መጀመሪያ ያየኋት፦
ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ ወደ መሆን አዘንብሎ፤
ያው የነቃሿ ቀለም፣ በእኛ ጠርሙስ ታሽጎ ውሎ።

ፓቶሎጂስቱ ቆየ። ስላይዱን ገፋ፣ መለሰ፤
ደሙ ይበዛል፤ ሕዋሱ ግን አነሰ።
«ለፍርድ አይበቃም» ብሎ ጻፈ፣ «ይደገም።»
ክፉም አላለ፣ ደግም።

መንገሩ ለእኔ ቀረ።
አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ነጠላ ወደ ኋላ ጥለው፣ ዝም ብለው ሰሙ፤
ጣታቸው በመሐለኛው መስመር ስትሄድ ስትሄድ፣
እጥፋቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።
«ምን ይደረግ፤ ነቃሿም እኮ ሁለት ጊዜ ነው የመጣችው፤
በመጀመሪያው አልያዘም ነበር ቀለሙ።»